ተረጋግጦ ይመለሳል

ለወዳጅም ለጠላትም፣ ይልቁንም ለሌባ፣ ለአጭበርባሪና ለኪስ አውላቂ ሁሉ ይታወቅ ዘንድ ይህ ማስታወቂያ ወጥቷል፦ የሚዛን መርማሪው ነቄ የውስጥ ሱሪው ላይ ኪስ አሰፋ።

ኪሱ ዚፕ አለው። ዚፑ ላይ መርፌ ቁልፍ አለ። መርፌ ቁልፉን ለመፍታት ደግሞ መጸዳጃ ቤት መግባት፣ በር መቆለፍ፣ ቀበቶ ማላላትና ሆድን ወደ ውስጥ መሳብ ያስፈልጋል። ኪሱን የሰፋችው ሚስቱ ናት፤ ሙያዋ ልብስ ስፌት ነው። እየሳቀች ስትሰፋ ሁለቴ ጣቷን ወግታለች።

"እንግዲህ ሌባው እዚህ ድረስ ከደረሰ፣" አለች ክሩን በጥርሷ እየበጠሰች፣ "ገንዘቡን ቢወስድም አልፈርድበት።"

ነቄ አልሳቀም። ነቄ በዚህ ጉዳይ አይስቅም።

ነቄ የልደት ስሙ አይደለም፤ የልደት ስሙን የሚያስታውሰው ደመወዝ ክፍል ብቻ ነው። ይህን ስም ያወጣለት አንድ ሥጋ ሻጭ ነው። ሰውየው ከሚዛኑ ሥር ማግኔት ለጥፎ ተያዘና፣ "ይሄ ሰውዬማ ነቄ ነው፤ አይሸወድም!" ብሎ ገበያው መሐል ጮኸ። ምሬት ነበር። ነቄ ግን እንደ ማዕረግ ተቀበለው። ከዚያን ቀን ወዲህ ሲራመድ ደረቱ ከሆዱ ቀድሞ ይደርሳል፤ ሆዱም እንዲህ በቀላሉ የሚቀደም ሆድ አይደለም።

የሥራው ነገር እንዲህ ነው። ሱቅ ይገባል፣ ሰላምታ አይሰጥም፣ ከኮቱ ቀኝ ኪስ የነሐስ የሚዛን ድንጋይ ያወጣል። ድንጋዩ አንድ ኪሎ ነው፤ አይጨምርም አይቀንስም። ሥጋ ሻጩ በንዴት መሬት ላይ ወርውሮት ግርጌው ላይ ጭረት አለበት፤ ክብደቱን ግን ንዴትም አልነካውም። ነቄ ድንጋዩን የነጋዴው ሚዛን ላይ ያኖራል። ሚዛኑ ከዋሸ፣ ሚዛኑን ብድግ አድርጎ ታቅፎ አንዲት ዓረፍተ ነገር ብቻ ይናገራል፦ "ለማረጋገጥ ይወሰዳል፤ ተረጋግጦ ይመለሳል።"

ማን እንደሚወስደው፣ ማን እንደሚያረጋግጠው፣ መቼ በማን እጅ እንደሚመለስ ዓረፍተ ነገሩ አይናገርም። ውበቱም እዚያ ላይ ነው። የሚከራከር ነጋዴ የሚከራከረውን ሰው ያጣል። ምላሱ ከቢላዋው የሚበልጥ ሥጋ ሻጭ ሁሉ በዚህች ዓረፍተ ነገር ፊት እጁን አጣምሮ ይቀራል።

ድንጋዩ ከነቄ ኪስ ስለማይለይ የኮቱ ቀኝ ጎን ወደ ታች ተስቦ ቀርቷል። ሚስቱ ግራውን አሳጥራ፣ ቀኙን በገበር ደግፋ፣ ኪሱን ወደ ላይ አዛውራ ሞክራው ተስፋ ቆርጣለች። "የሰው ሚዛን ስታቃና የገዛ ኮትህ ተንጋደደ" ትለዋለች።

አሁን ወደ አንዲት የባሕር ዳር ከተማ የሚሄዱት በእሷ ምክንያት ነው። በስፌት ክፍሏ ግድግዳ ላይ ዘመኑ ያለፈበት የቀን መቁጠሪያ ተሰቅሏል። ቀኑ ቢያልፍም ሥዕሉ አላለፈም፦ ባሕር፣ ባሕሩ ውስጥ ደሴት፣ ደሴቱ ላይ ነጭ የመብራት ማማ። ገና ሲጋቡ "እወስድሻለሁ" ብሏት ነበር። ከዚያ ልጆች መጡ፣ ጣሪያው አፈሰሰ፣ ልጆች ሄዱ፣ ጣሪያው እንደገና አፈሰሰ። ዘንድሮ ነቄ የዓመት ፈቃዱን ወሰደ። ጊዜውንም ራሱ መረጠ፤ ጎብኚ የሚጠፋበትን፣ ዝናብና ንፋስ የሚፈራረቁበትን ሰሞን።

"አጭበርባሪም እኮ ሠራተኛ ነው" ብሎ አስረዳት። "ሥራ በቀዘቀዘበት ሰሞን እሱም ፈቃድ ይወጣል። ገዢ በሌለበት ገበያ ማን ሚዛን ተክሎ ይቆማል?"

ይህን ሲል የሚስቱ ወንድም ቀለበቴ አብሯቸው እራት ይበላ ነበር። ቀለበቴም የልደት ስሙ አይደለም። ከዓመታት በፊት በዚያችው ከተማ አንድ ሰው ከእግሩ ሥር ጎንበስ ብሎ የወርቅ ቀለበት አነሣና፣ "ወንድሜ፣ አብረን ነው ያገኘነው፤ ድርሻዬን ስጠኝና ውሰደው" አለው። ድርሻውን ሰጥቶ ወሰደው። ቀለበቱ ሳምንት ሳይሞላው አረንጓዴ ሆነ፤ ጣቱም እንደዚያው። ቀለበቴ የሚለውን ስም ያወጣለት ነቄ ነው። በሠርግም ሆነ በለቅሶ "ቀለበቴ፣ ጣትህ እንዴት ከረመ?" ሳይለው ቀርቶ አያውቅም።

"ፈቃድ የሚወጣው የጠገበው ነው" አለ ቀለበቴ ዳቦውን እየቆረሰ። "የሚቀረው የራበው ነው።"

"የራበው አንተን ይጠብቅ። እኔን የሚያሞኝ ሰው ገና አልተወለደም።"

"ከተወለደስ?"

"ከተወለደማ፣" አለ ነቄ ማንኪያውን እንደ መሐላ ከፍ አድርጎ፣ "ነቄ የሚለውን ስም አንተ ውሰደው። እኔን ደስ ባለህ ስም ጥራኝ፤ በሠርግም በለቅሶም።"

ቀለበቴ ማኘኩን አቆመ። ይህን ቀን በአረንጓዴ ጣት ሲጠብቀው ኖሯል። "እህቴ፣ ሰምተሻል?"

"ሰምቻለሁ።"

"ምስክር ነሽ። እንግዲህ ሁለት ድንጋይ ይዘሽ ነው የምትሄጂው፤ አንዱ በኪስ፣ አንዱ በክንድ። ሁለቱንም በደኅና መልሺልን።"

ከባቡር ሲወርዱ ጣቢያው በር ላይ አንድ ሰው ብቻ ቆሟል፤ ቢጫ የዝናብ ካፖርት የለበሰ፣ ጢሙ የጨው ክምር የመሰለ ሽማግሌ።

"እንኳን ደኅና መጣችሁ። የት ነው የምታርፉት?"

ነቄ አልመለሰም። መንገደኛ ሊይዘው የሚገባው አንድ ሕግ ቢኖር፣ "ቀድሞ ያናገረህ ሰው ሌባ ነው" የሚለው ነው ብሎ ያምናል። ሚስቱ ግን ሕጉ ስላልተነገራት የሆቴሉን ስም ተናገረች።

"ያውና!" አለ ባለ ቢጫው፣ አደባባዩን ማዶ በጣቱ እያሳየ። "ታክሲ አትያዙ፤ ገንዘባችሁን ለምን? ሻንጣውን ላግዛችሁ? እኔ እኮ..."

"እናመሰግናለን!" አለ ነቄ። በቃሉ ውስጥ ምስጋና የሚባል ነገር አልነበረም። ሚስቱን በክርኗ ይዞ ገለል አደረጋት። "ያ ሆቴል የእኛ አይደለም። የአጎቱ ልጅ ሆቴል ነው።"

"ስሙ እኮ ተጽፎበታል። ይኸው ከዚህ ይነበባል።"

"መጻፍ ማን ያቅታል? ደግሞስ ታክሲ አትያዙ የሚል ሰው ምን ተጠቅሞ ነው?"

"ቅርብ ስለሆነ ይሆናላ።"

"ዝም ብሎ? ሰው ለሰው ዝም ብሎ አያስብም።"

የታክሲው ነጂ መሪው ላይ ተደፍቶ አንቀላፍቷል። የሆቴሉን ስም ሲሰማ ቀና ብሎ በመስተዋት አያቸው። "ጋሼ፣ እርግጠኛ ነዎት?"

"ንዳ! ቆጣሪውን አብራ!"

ነጂው አደባባዩን ግማሽ ዞሮ ቆመ። ቆጣሪው ነቅቶ ዓይኑን ሳያሽ ጉዞው አለቀ። "ይቅርታዎን ጋሼ፣" አለ ነጂው ከልቡ አዝኖ፣ "ላስረዝመው ብዬ ነበር፤ መንገዱ እምቢ አለ።"

ነቄ ሒሳብ ለመክፈል ሆቴሉ መጸዳጃ ቤት ገባ፤ ቆለፈ፣ ቀበቶውን አላላ፣ ሆዱን ሳበ። ነጂው በር ላይ ቆሞ የጠበቀው ከነዳው ይበልጥ ነበር። ባለ ቢጫው ከማዶ ሆኖ እጁን አወዛወዘ። ሚስቱ መለሰችለት።

ሆቴሉ ውስጥ እንግዳ እነሱ ብቻ ናቸው። የእንግዳ መቀበያዋ ሠራተኛ ብርድ ልብስ ተከናንባ ቁልፍ ሰጠቻቸው፤ ስታስነጥስ ባዶው ሳሎን ይማርሽ የሚላት ያህል መልሶ ያስተጋባል። በመንገዱ ላይ ክፍት የሆነው ሱቅ ከሆቴሉ ጎን ያለው የአሮጌ ዕቃ መደብር ብቻ ነው። በመስኮቱ ጥቁር ጨርቅ ላይ ኮምፓስ፣ ዝገት የበላው ቁልፍና ምላስ የሌለው ደወል ተደርድረዋል። "ጥንታዊ የባሕር ዕቃዎች፣ ከማረጋገጫ ጋር" ይላል ጽሑፉ።

"ትናንት ቀብረው ዛሬ ያወጡት ጥንታዊ" አለ ነቄ፤ አልፎም ሄደ።

በማግሥቱ ጠዋት ኮረብታው ላይ ወዳለው ሙዚየም ሲያመሩ፣ ደረጃው ሥር ያ ቢጫ ካፖርት ከነጢሙ ቆሞ አገኙት። ኮረጆ ሙሉ ዳቦ ይዟል።

"እንደምን አደራችሁ! ሙዚየሙ ዝግ ነው፤ አትድከሙ። ይልቅ ደሴቱን ካላያችሁ፣ እኔ እኮ..."

ነቄ ሚስቱን ወደ ላይ እየመራት ሳቀ፤ በጉዞው የመጀመሪያ ሳቁ ነው። "አየሽ? 'ሙዚየሙ ዝግ ነው' ይልሻል፤ ቀጥሎ የእህቱ ባል ምንጣፍ ቤት ይወስድሻል። ይሄ የአጭበርባሪ ሀሁ ነው።"

ደረጃው ረጅም ነው፤ ዝናቡ በጎን ይመጣል፤ ንፋሱ ጃንጥላቸውን ገልብጦ እንደ ሳህን አደረገው። ላይ ሲደርሱ በሩ ላይ "እስከ በጋ ዝግ ነው" የሚል ሰሌዳ አለ። ከሰሌዳው ሥር የቡጢ ያህል ቁልፍ ተንጠልጥሏል። ነቄ ቁልፉን ነቅነቅ አደረገው፤ የውሸት ዝግ እንዳይሆን። እውነተኛ ዝግ ነበር።

ሚስቱ ፀጉሯን እየጨመቀች አየችው።

"ግብረ አበር አለው ማለት ነው፣" አለ ነቄ ጥቂት አስቦ። "ከውስጥ።"

ሲወርዱ ራባቸውና የገበያው ጥግ ላይ ብቻዋን ብርቱካን ዘርግታ የተቀመጠች ሴት ዘንድ ቆሙ። ሴትየዋ ብርቱካኑን መመዘን ስትጀምር ነቄ እጁን አነሣ፤ ልማድ ነው። ከኮቱ ቀኝ ኪስ ድንጋዩን አወጣና በክብር ሚዛኗ ላይ አኖረው።

ሴትየዋ ድንጋዩን አየች፤ ቀጥላ ነቄን አየች፤ ቀጥላ ሚስቱን። "እህቴ፣ ባልሽ ብርቱካን ሊገዛ ነው ወይስ ሚዛኔን ሊያጭ?"

"ቢያጭልኝማ ተገላገልኩ" አለች ሚስቱ።

ሚዛኑ ቀጥ አለ። ትክክል ነበር። ነቄ ትንሽ ቅር አለው፤ ቢሆንም በሙያው ሥርዓት ራሱን ነቀነቀ፣ ድንጋዩን በመሐረብ ወልውሎ መለሰ። ቀና ሲል አንድ ሰው ከማዶ ካለ ድንኳን ጥግ ይመለከተዋል። ግራጫ ሙሉ ልብስ የለበሰ፣ ጥቁር ጃንጥላ የያዘ፣ ጫማው በዚያ ሁሉ ጭቃ መሐል የሚያበራ ሰው። ሰውየው ባደነቀ አኳኋን አንገቱን ዝቅ አደረገ። ምንም አልተናገረም። ነቄም ይህን ልብ አለ፤ ቀድሞ አልተናገረም።

ብርቱካኑን እየላጡ ወደቡ ዳር ሲደርሱ ደሴቱ ታየ። ከጭጋጉ መሐል ቀጭን ነጭ ነገር ቆሟል፤ አንድ ሰው ጠመኔ ተክሎ የሄደ ይመስላል። ሚስቱ ብርቱካኗን መብላት ተወች።

አንዲት ጀልባ ሞተሯ እየተንኳኳ ቆማለች። ላይዋ ላይ አትክልት በጆንያ የጫኑ ሁለት ሴቶችና አንዲት ፍየል አሉ። ገመዱን የሚፈታው ደግሞ፣ ሌላ ማን ይሆናል፣ ባለ ቢጫው ነው።

"ደረሳችሁ!" አለ ፊቱ በርቶ። "የዛሬዋ የመጨረሻ ናት። ከእንግዲህ ባሕሩ ይቆጣል፤ እስከ በጋ ድረስ ጀልባ አይወጣም። ማማውን የምታዩ ከሆነ አሁን ግቡ፤ ከሰዓት እንመለሳለን።"

"'የመጨረሻ'!" አለ ነቄ ለሚስቱ ዞሮ። "ሰማሽ ቃሉን? ልብስ ሻጭ 'የመጨረሻው ነው' ሲልሽ ታምኛለሽ?"

"እኔ ራሴ ልብስ ሰፊ ነኝ። የመጨረሻ ሲሆን የመጨረሻ ነው እላለሁ።"

"ትናንት ታክሲ፣ ዛሬ ሙዚየም፣ አሁን ጀልባ። ሰውየው እኮ እየተከተለን ነው!"

"ሁለቱንም ጊዜ እውነት ነው የተናገረው።"

"እሱ ነው እኮ የሚያስፈራው! ሁለት እውነት የሚያበላሽ ሰው ለሦስተኛው ውሸት ምን ያህል ትልቅ ዕቅድ ቢኖረው ነው?"

"እነዚያ ሴቶችስ?"

"ግብረ አበሮች።"

"ፍየሏስ?"

ነቄ ፍየሏን አያት። ፍየሏም አየችው። "ነገ እንመጣለን፣" አለ በመጨረሻ። "ነገ ጀልባ ካለ፣ ዛሬ ዋሽቷል ማለት ነው። ያኔ እንይዘዋለን።"

"ነገ ከሌለስ?"

ሚስቱ የብርቱካኑን ልጣጭ እጁ ላይ አስቀመጠችለት፣ ቀሚሷን ሰብሰብ አደረገች። "አንተ ሰውዬ፣ አንተ እዚህ ሁንና አጣራ። እኔ ሄጄ ልታለል።"

ሽማግሌው እጁን ሰጣት፤ ዘላ ገባች። ጀልባዋ ከወደቡ ስትላቀቅ ባለ ቢጫው መሪውን ይዞ ወደ ነቄ ጮኸ፦ "እኔ እኮ ከትናንት ጀምሮ ልነግራችሁ ነበር! የጀልባዋ ነጂ ነኝ!"

ነቄ ልጣጩን ይዞ ቀረ።

አግዳሚ ወንበሩ እርጥብ ነበር፤ ቢሆንም ተቀመጠበት። ጀልባዋ እየራቀች የፍየል ያህል፣ ቀጥሎም የብርቱካን ያህል ሆነች። ሚስቱን መቼም አይበሏትም ብሎ ራሱን አጽናና፤ ሲያስበው ደግሞ የሚያሳስበው እሷ ስትመለስ ምንም ሳትታለል የቀረች እንደሆነ ነው።

ጥቂት ቆይቶ ባለ ጃንጥላው መጥቶ ከወንበሩ ወዲያኛው ጫፍ ተቀመጠ። ጃንጥላውን አጠፈ። ባሕሩን ተመለከተ። ዝም አለ።

ነቄ ጠበቀ። ሰውየው አሁንም ዝም። ያ ዝምታ ነቄን እየበላው ሄደ፤ አንድ ጨዋ ሰው አጠገብህ ተቀምጦ ሊያጭበረብርህ እንኳ አለመፈለጉ ክብርን የሚነካ ነገር ነው። በመጨረሻ አልቻለም።

"እዚህ ከተማ ሰው ሁሉ እንግዳ ካላናገረ አይሆንለትም ማለት ነው?"

ባለ ጃንጥላው ቦርሳውን ወደ ራሱ ሳብ አደረገ። "ይቅርታ ያድርጉልኝ። ከማላውቀው ሰው ጋር አላወራም።"

የነቄ ልብ ቅቤ ጠጣ። ከአገሩ ከወጣ ጀምሮ የመጀመሪያውን አስተዋይ ሰው አገኘ። "አይፍሩኝ! እኔ እንኳ እንግዳ ነኝ፤ የሚዛን መርማሪ ነኝ!"

"በዚህ ሰሞን ማን ማን እንደሆነ አይታወቅም፣" አለ ሰውየው፤ ቢሆንም ፊቱ ለዘብ አለ። "የሚዛን መርማሪ ነኝ አሉ? ጠዋት ገበያው ውስጥ ድንጋይ ሲያኖሩ ያየሁት እርስዎን ነው መሰለኝ። አቀማመጡ ገርሞኝ ነበር። ሳይጣል፣ ሳይንኳኳ። ዛሬ እንደዚያ የሚያኖር የለም።"

"ድሮ ነበር እንጂ!"

"ባልደረባዎ ነኝ። የዚህ ከተማ የሚዛንና የመስፈሪያ ቁጥጥር።"

ከዚህ በኋላ ጨዋታው ደራ። ስለ ማግኔት ተጨዋወቱ፣ ስለ እርጥብ ጨው፣ አውራ ጣቱን ከሥጋው ጋር አብሮ ስለሚመዝን ነጋዴ። ባለ ጃንጥላው የሚናገረው ጥቂት ነው፤ የሚሰማው ብዙ። "የዋሸ ሚዛን ስትይዙ፣" ብሎ ጠየቀ በመሐል፣ "እናንተ ዘንድ ነጋዴውን ምን ትሉታላችሁ?"

ነቄ ተቃንቶ ተቀመጠ። "ለማረጋገጥ ይወሰዳል፤ ተረጋግጦ ይመለሳል" አለ፤ ዜማውን ሳያጓድል።

ሰውየው ቃሉን እንደ ጥሩ ምግብ አላመጠው። "ያምራል" አለ። ቀጥሎ ፊቱ ቅጭም አለ። "አንድ ነገር ልነግርዎ ነበር። ተዉት፤ ደስ አይልም።"

"ይንገሩኝ እንጂ!"

"ጠዋት አይቼ እንዳላየሁ አለፍኩ። ከሌላ ከተማ የመጣ ድንጋይ የእኛን ማኅተም ሳይዝ ገበያ ላይ መውጣት አይፈቀድለትም። ባልደረባ ነው ብዬ ዝም አልኩ። ሌላ ሰው ቢያይዎ ኖሮ ግን... ያውቁታል እርስዎ።"

ነቄ ጆሮው ጋለ። ያውቀዋል እንጂ! ከሌላ ወረዳ ድንጋይ ይዘው የመጡ ስንቱን አሳፍሯል። አሁን እሱ ራሱ ማኅተም የሌለው ድንጋይ ይዞ የሰው ገበያ ውስጥ የገባ ሰው ሆነ። "ታዲያ ምን ይሻላል?" አለ ድምፁ ቀንሶ።

ባለ ጃንጥላው ተነሣ። ልብሱን አስተካከለ። መዳፉን ዘረጋ። ፊቱ ላይ ክፋትም ደግነትም የለም፤ የመሥሪያ ቤት ፊት ነው።

"ለማረጋገጥ ይወሰዳል፤" አለ፣ "ተረጋግጦ ይመለሳል።"

የነቄ እጅ ነቄን አልጠየቀም። ኪሱ ገባ፣ ድንጋዩን አወጣ፣ ሰጠ። ማን እንደሚያረጋግጠው አልጠየቀም፤ መቼ እንደሚመለስ አልጠየቀም። ለዚህ ዓረፍተ ነገር መልስ እንደሌለው ከማንም በላይ የሚያውቀው እሱ ነው። እንዲያውም፣ "በመሐረብ ይያዙት፤ ላብ አይስማማውም" ብሎ የገዛ መሐረቡን ጨመረለት።

ሰውየው በእርጋታ እየተራመደ ሄደ። ሌባ ይሮጣል፣ ሠራተኛ አይሮጥም። ነቄ ይህንንም ልብ አለና ደስ አለው።

ዝናቡ ቆመ፤ እንደገና ጀመረ። ነቄ ለጥቂት ጊዜ ደስ እንዳለው ቆየ። ቀጥሎ መደሰቱ እየከበደው መጣ። በመጨረሻ ተነሥቶ ወደ ብርቱካን ሻጯ ሄደ።

"እህቴ፣ የሚዛን ቁጥጥር ቢሮ በየት በኩል ነው?"

"የምን ቢሮ? በዚህ ከተማ ሚዛን ሲመረምር ያየሁት አንድ ሰው ነው፤ እሱም አንተ ነህ።"

"ጠዋት እዚህ ቆሞ የነበረውስ? ባለ ጃንጥላው?"

"እሱ?" አለች ሴትየዋ፣ ብርቱካኖቿን በላስቲክ እየሸፈነች። "እሱማ ዕድሜውን ሙሉ የውሸት ቀለበት ሲጥል የኖረ ነው። መንገደኛ እግር ሥር ይጥልና ያነሣዋል። አሁን ወገቡን አሞት ማጎንበስ ስላቃተው ቁጭ ብሎ የሚሠራ ሥራ ጀምሯል አሉ። ምነው? ምን አደረገህ?"

"ምንም" አለ ነቄ።

የቆጡን አወርድ ብላ የብብቷን ጣለች ይባላል። ነቄ ግን ምንም አልጣለም፤ በመሐረብ ጠቅልሎ ነው ያስረከበው።

ጀልባዋ ስትመለስ ሚስቱ ከፊት ቆማለች። ፀጉሯ በጨው ተጣብቋል፤ ዕድሜዋ ከጠዋቱ ቀንሷል። ወርዳ ሳትጨርስ ማውራት ጀመረች።

"ከሥዕሉ ያንሳል! ቀለሙ ተልጧል፣ መስኮቱ ተሰብሯል። ግን እሱ ነው። ግድግዳውን በእጄ ነካሁት፤ ቀዝቃዛ ነው። ሽማግሌው ሻይ አፈላልን፣ ዳቦ ሰጠን። ጠበቅኩት፣ ጠበቅኩት፤ አላታለለኝም።" ልብስ ሰፊ ዓይኗ ከትከሻው ጀምሮ ቁልቁል ወረደ። "ኮትህ ተቃንቷል።"

"እ?"

"ኮትህ። ቀጥ ብሏል። ከተጋባን እንዲህ ሆኖ አይቼው አላውቅም።"

"ዝናቡ ነው" አለ ነቄ።

ወደ ሆቴሉ ሄዱ። የአሮጌ ዕቃው መደብር መስኮት ጋ ሲደርሱ ሚስቱ ቆመች። ነቄ ግን ቀድሞ ቆሟል። በጥቁሩ ጨርቅ ላይ፣ በኮምፓሱና በዝገታሙ ቁልፍ መሐል፣ አንድ የነሐስ ድንጋይ ተቀምጧል።

"ያንተን አይመስልም?"

"አይመስልም።"

"ግርጌው ላይ ጭረት አለው እኮ።"

"ጭረት የሌለው ድንጋይ የለም።"

"ያንተ ከሆነ ግባና 'የኔ ነው' በላቸው።"

ነቄ መስኮቱን እያየ አሰበ። "የኔ ነው" ማለት ቀላል ነው። ከዚያ "ታዲያ እንዴት እዚህ መጣ?" ይባላል። ለዚያ መልስ ይሰጣል። ሚስቱ በር ላይ ቆማ ትሰማለች። ምስክር ናት። ከዚያ ሠርግ ይመጣል፣ ለቅሶ ይመጣል፤ በሠርጉም በለቅሶውም ቀለበቴ አረንጓዴ ጣቱን እያወዛወዘ ይመጣል።

"አንቺ ግቢ፤ እጅሽን ታጠቢ" አላት።

እሷ ወደ ክፍላቸው ስትወጣ እሱ ወደ መጸዳጃ ቤቱ ገባ። ቆለፈ። ቀበቶውን አላላ፣ ሆዱን ሳበ፣ መርፌ ቁልፉን ፈታ፣ ዚፑን ከዳር እስከ ዳር ከፈተ። ሌባ እዚያ ድረስ አልደረሰም፤ ነቄ ራሱ ነው አውጥቶ የወሰደለት።

የመደብሩ ባለቤት ድንጋዩን በሁለት እጁ አነሣ። "ዓይንዎ ጥሩ ነው። ይህ የአንድ መርከብ አለቃ ንብረት ነበር። መርከቡ ሰጥሞ የተረፈው እሱና ይህ ድንጋይ ናቸው።"

"ስንት ዓመት ይሆነዋል?" አለ ነቄ በሞተ ድምፅ።

"ሦስት መቶ፤ ቢያንስ። ይህን ጭረት ያያሉ? የአሣ ነባሪ ጥርስ ነው።"

ነቄ ሥጋ ሻጩን አስታወሰ፤ የአሣ ነባሪ ጥርስ አልነበረውም። ቢሆንም ልማድ ክፉ ነው፤ አፉ ሳይታዘዝ ጠየቀ። "እውነተኛ ስለመሆኑ ምን ማረጋገጫ አለ?"

"አለ እንጂ!" ባለቤቱ ከመሳቢያው ማኅተም ያረፈበት ወረቀት አወጣ። የማኅተሙ ቀለም ገና ስላልደረቀ እፍ አለበት። "ይኸው፤ ተረጋግጧል።"

ሐሰት የለበትም። ለማረጋገጥ ተወሰደ፤ ተረጋግጦ ተመለሰ። ነቄ ዕድሜውን ሙሉ የተናገረው ቃል በእሱ ላይ ፊደል ሳይጎድል ተፈጸመ። ከፈለ። ወረቀቱን ሊጥለው ነበር፤ ግን ማኅተም አለበት፤ ማኅተም ያለበት ነገር ደግሞ አይጣልም። አጣጥፎ ያዘው። ሞኝና ወረቀት የያዘውን አይለቅም።

ሚስቱ እጇን አልታጠበችም። ሆቴሉ በር ላይ እጆቿን አጣጥፋ ቆማ ጠበቀችው። ዓይኗ ከትከሻው ጀምሮ ቁልቁል ወረደና በቀኝ ኪሱ በኩል ቆመ።

"ኮትህ ደግሞ ተንጋደደ።"

ነቄ ሊያልፋት ሞከረ። አላሳለፈችውም።

"ጠዋት ተንጋዶ ወጣ፣ ከሰዓት ተቃና፣ አሁን ደግሞ ተንጋደደ። ምን አግኝቶት ነው?"

"ምንም።"

"እጅህ ላይ ያለው ወረቀትስ?"

ወረቀቱን በግራ ኪሱ ከተተው። ለኮቱ ሚዛን የሚጨምርለት ነገር አልነበረም።

"ወንድሜ እኮ ይጠይቀኛል፣" አለች፤ ከንፈሯ ሳቅ ይዞ እንደ ተጠመደ ዓሣ ይፈራገጣል። "ምስክር ነኝ። ምን ልበለው?"

"አልናገርም።"

"ለእኔም?"

"ላንቺም። አልናገርም አልኩ፣ አልናገርም።"